የቃሲም ቁና

ሰኔ ገባ፤ አልዘነበም። ሐምሌ ገባ፤ አልዘነበም። ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ዘንቦ ቆመ። በመስከረም የበቀለው ተቃጠለ። በኅዳር ከብት አለቀ። በጥር ሽማግሌዎች ሞቱ፣ በየካቲት ሕፃናት ተከተሏቸው። ሐይቁ ከዳሩ መቶ ክንድ ሸሸ፤ አሣውም ከውኃው ጋር ወደ ጥልቁ ሄደ።

በዚያ ሐይቅ መካከል አንድ ደሴት አለ። ስሙን አልጠራላችሁም። ስሙን ብጠራ፣ ይህ የእነሱ ታሪክ ነው ብላችሁ ታመልጡኛላችሁ።

በደሴቱ ላይ ጥቂት ሕዝብ ይኖራል። ቤቱ ቢቆጠር መቶ አይሞላም። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ገበያ ሲወጡ ማንም ስለማይሰማቸው በሐይቁ ዳር ሰዎች ቋንቋ ይናገራሉ። አንድ ቤተ ክርስቲያን አላቸው፤ የቅዱስ ገብርኤል። ያን ጊዜ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ ነበር። ደሴቱ ድንጋይ ስለሆነ አባቶቻቸው አፈር በቅርጫት ተሸክመው እርከን ሠሩ። ከእርከኖቹ አንዱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው፣ የመገበሪያ መደብ ይባላል። ስንዴ የሚዘራው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ለቅዳሴው ኅብስት እንጂ ለሌላ አይሆንም።

በሐይቁ ዳር ያለው ሕዝብ ብዙ ነው። ሙስሊም ነው፤ ከብት አርቢና ገበሬ ነው። የደሴቱን ሰዎች አሣ በሎች ይላቸዋል። እነሱ ደግሞ አንድ የቆየ ሕግ አላቸው፤ ከዳር ሰው አይለመንም። የሚሸጡትን ይሸጣሉ፣ የሚገዙትን ይገዛሉ፣ አይለምኑም። ማን ያወጣው ሕግ ነው? የሚያውቅ የለም። ግን ጥቂት ሕዝብ አንገቱን ቀና ከማድረግ ሌላ ምን አለው?

በዚያ ክፉ ዓመት የመገበሪያውን መደብ የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበረ። ወልደየስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። መደቡን የሚያርስ፣ የሚያርም፣ የሚያጭድ እሱ ነው። በግንቦት አጋማሽ መምሬ ዘለቀ ጠሩት። ማሰሮውን አዘንብለው አሳዩት። ለሁለት ቅዳሴ የሚበቃ ስንዴ ቀርቷል። ለዘር የሚሆን የለም።

ከዚያ በኋላስ አለ ወልደየስ።

ከዚያ በኋላ ደጁ ይዘጋል አሉ መምሬ። ከአባቶቻችን ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም፤ በእኔና በአንተ ዘመን ይዘጋል።

ሰው ልጁን ሲቀብር የቆመ ልብ፣ በዚህ ቃል ወደቀ። ወልደየስ ሁለት ልጆች ቀብሮ ነበር፤ ቆሞ ነው የቀበራቸው። አሁን ግን ከማሰሮው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጆቹን የቀበረው ስለ ትንሣኤ እየተቀደሰ ነበር። ቅዳሴው ከቆመ ልጆቹ ምን ላይ ተኝተዋል?

ለማንም ሳይናገር በጠዋት ታንኳውን ገፋ። በሐይቁ ዳር ቃሲም የሚባል ገበሬ ነበረ። ስንዴው በአገሩ የታወቀ ነው፤ ፍሬው ቀይ፣ ጢሙ ጥቁር። ቃሲም ቀጭን፣ ነገር አዋቂ፣ ምላሱ የተሳለ ሰው ነው። ገበያ ላይ አሣ በሎች እያሉ ከሚቀልዱት አንደኛው እሱ ነበረ። ወልደየስ ለምን ወደ እሱ ሄደ? ዘር ያለው እሱ ብቻ ስለነበረ።

ቃሲም በደጁ ተቀምጦ አየው። የወልደየስ ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

«ምነው አሣው አለቀ?» አለ ቃሲም።

«አላለቀም፤ ጠለቀ እንጂ። በአሣ ደግሞ አይቀደስም።»

ቃሲም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀው። ወልደየስ ነገረው። ኅብስቱ ከስንዴ ካልሆነ ቅዳሴ እንደሌለ፣ ቅዳሴ ከሌለ ደጁ እንደሚዘጋ ነገረው። ቃሲም ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ አምላካችሁ አንድ ዓመት ስንዴ ቢያጣ ይርበዋል?» አለው።

«እሱ አይርበውም፤ የሚርበን እኛ ነን» አለ ወልደየስ።

ቃሲም ሳቁን ተወ። ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ይሰማ ነበር፤ የቀረን ሁለት ቁና ዘር ነው፣ የልጆችህን ሰኔ ለአሣ በላ ትሰጣለህ ወይ ትለው ነበር። ቃሲም ግን ከሁለቱ ቁና አንዱን ይዞ ወጣ። ውኃ እንዳይነካው በቆዳ ሸፈነው፤ ቁናውንም ከነስንዴው አስረከበው።

«አፉ ድረስ ሞልቶ ነው የወሰድኸው፤ አፉ ድረስ ሞልተህ ትመልሳለህ» አለው። «ትርፍ አታምጣ። ወለድ በእኛ ሃይማኖት ክልክል ነው። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ሰዎችህ ከየት አመጣኸው ሲሉህ ስሜን ንገራቸው። አሣ በሎች ስላችሁ ትሰሙኝ የለ? ይህንንም ስሙልኝ።»

ወልደየስ እሺ አለ። ከባድ ነገር ነው? ስም መጥራት ከባድ ነው?

በማግሥቱ ወደ ደሴቱ ሲደርስ ሕዝቡ ዳር ላይ ወጥቶ ይጠብቀው ነበር። ሐይቁ በላው ብለው ነበር። ቁናውን ከነሸክሙ አየው ሁሉ። መምሬ ዘለቀ ቆዳውን ገለጡ፤ ቀይ ስንዴ አዩ። ከየት አመጣኸው አሉት።

ወልደየስ ያን ጊዜ ሕጉን አሰበ። ከዳር ሰው አይለመንም። ዙሪያውን ተመለከተ። ሁሉም የሚያውቃቸው ፊቶች ናቸው፤ ሁሉም ከስተዋል፤ የቀራቸው አንገታቸው ብቻ ነው።

«ተሰጠኝ» አለ።

ማን ሰጠህ አሉት። መሬት መሬት አየ። ቀኑ ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ የገብርኤል ዕለት። ከመካከል አንዱ ቀኑን አስታወሰ፤ ሌላው አማተበ። መምሬ ዘለቀ እንባቸው ወረደ፤ ብርቄ የምትባል አንዲት ሴት እልል አለች። ቁናውን ከእጁ ወስደው እየዘመሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ወልደየስ ከኋላ ተከተለ።

ዋሸ? አልዋሸም። ዝም አለ። እናንተ ወገኖቼ፣ ዝም ብላችሁ የወሰዳችሁት ነገር የለም?

ግማሹ ለመገበሪያ ሆነ፤ ግማሹ በመደቡ ላይ ተዘራ፤ ባዶው ቁና ወደ ወልደየስ ተመለሰ። በሰኔ ዘነበ። ስንዴው ወገብ ደረሰ። ደጁ አልተዘጋም፤ አንድም ሰንበት አልተዘጋም። ሕዝቡም ሥርዓት ሠራ፤ ይህ ስንዴ ከሰማይ የመጣ ስለሆነ ከመሠዊያው በቀር ለማንም አይሰጥም፣ ከደሴቱም አንዲት ፍሬ አትወጣም አለ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ መልአኩ ሰው ልኮ ሰጠን አሉ። በሦስተኛው ዓመት፣ መልአኩ ራሱ አመጣው አሉ። በአሥረኛው ዓመት የክንፉን ድምፅ የሰሙ ሰዎች ተገኙ። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ በደረሰ ቁጥር፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የስንዴው ታሪክ በዐውደ ምሕረቱ ይነገራል። ወልደየስ የመደቡ ጠባቂ ነውና ከፊት ያቆሙታል።

ወሬው ሐይቁን ተሻገረ። ከሩቅ አገር ሰው በጀልባ መጣ። ሣሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ። ጭቃው ግድግዳ ድንጋይ ሆነ። ደወል ተሰቀለ። ያ የተናቀ፣ ቋንቋው የማይሰማ ሕዝብ፣ ገበያ ሲወጣ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። እኛ መልአክ ስንዴ ያመጣልን ነን ይላል።

እንግዲህ ወልደየስ ይህን ያፍርሰው? ለንስሐ አባቱ ይናገር እንዳይባል፣ የንስሐ አባቱ መምሬ ዘለቀ ናቸው፤ ታሪኩን በየዓመቱ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ግን በዕዳው መተኛት አልቻለም። በሦስተኛው ዓመት ገበያ ሄዶ አሣ ሸጠ፣ ስንዴ ገዛ፣ በቃሲም ቁና አፉ ድረስ ሞላና ወሰደለት። ቃሲም አንድ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«ይህ ነጭ ነው» አለ። «የእኔ ቀይ ነበር። ስሜን ነገርሃቸው?»

ወልደየስ ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ።

«እንግዲያስ ስትነግራቸው ና» አለና ቁናውን ከነስንዴው መለሰለት።

ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲተያዩ ወልደየስ መንገድ ይለውጥ ነበር። ቃሲም ለማንም አልተናገረም። ቢናገር ማን ይከለክለው ነበር? አልተናገረም። ቁናው በወልደየስ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሚስቱ ስንት ጊዜ ለሥራ ልታወርደው ፈለገች፤ አይነካም አላት። እሷም እንደ ተቀደሰ ዕቃ ቆጠረችው።

አርባ ዓመት አለፈ። መምሬ ዘለቀ አረፉ፤ ሌላ ቄስ ተተኩ። ወልደየስ ሸበተ፤ ምርኩዝ ያዘ።

በሐይቁ ዳር ደግሞ አዲስ ዘር መጥቶ ነበር፤ አገዳው አጭር፣ ፍሬው ብዙ። ገበሬው ሁሉ የቀድሞውን ተወ። ቀዩ ስንዴ ጠፋ። ሃያ ዓመት በአዲሱ ዘር ጠግበው በሉ። ከዚያ አንድ ክረምት ዋግ ወረደ። የስንዴው ቅጠል ዝገት መሰለ፤ ሰው በማሳው መካከል ሲያልፍ ልብሱ ቀላ። ፍሬው ገለባ ሆነ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው ሆነ። የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የአባቶቻችንን ቀይ ስንዴ ዋግ አይደፍረውም ነበር፣ ማን ዘንድ ቀርቶ ይሆን ተባባሉ። ጎተራ ሁሉ ተፈተሸ። አንድ ፍሬ አልተገኘም።

ቃሲም ግን የት እንዳለ ያውቅ ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታንኳ ተከራይቶ መጣ። ዓይኑ ደክሟል፤ ወገቡ ጎብጧል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ጠበቀ። ታሪኩም እንግዶች በሚሰሙት ቋንቋ ሲነገር ሰማ። መልአኩ በክንፉ ሸፍኖ ሲያመጣው፣ የታንኳው ውኃ ሲያበራ፣ ሁሉንም ሰማ። ሲያልቅ በበሩ ገባ ብሎ ለቄሱ ሰላምታ ሰጠ።

«ልለምን መጣሁ» አለ። «ማሳችን ጠፍቷል። ከቀዩ ስንዴያችሁ አንድ እፍኝ ለዘር ስጡን።»

ልብ በሉ፤ ስንዴያችሁ ነው ያለው። ስንዴዬ አላለም።

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከበዓሉ ምግብ ይቅረብልዎ አሉት። ለመንገድ እህል እንሰጥዎታለን አሉት። ይህ ስንዴ ግን ከሰማይ የመጣ፣ ለመሠዊያው የተለየ ነው፤ ከደሴቱ ቢወጣ ረድኤት ይወጣል፤ ይቅር ይበሉን አሉት። ሕዝቡም እውነት ነው አለ።

ቃሲም ዓይኑን አነሣ። ከፊት የቆመውን ወልደየስን አየው። አርባ ዓመት ሸሽቶት የኖረውን ሰው አየው። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃው ነበር። አልተናገረም። ራሱን ነቀነቀና ለመሄድ ዞረ።

ወገኖቼ፣ ከተናገረ ከሳሽ ዝም ያለ ከሳሽ ይከብዳል። ወልደየስ ያን ጊዜ ሁለት ነገር በፊቱ አየ። ቢናገር የሕዝቡ አንገት ይሰበራል፤ ቆርቆሮው፣ ድንጋዩ፣ ደወሉ፣ ሁሉም በእሱ ዝምታ ላይ የቆመ ነው። ዝም ቢል ያ ሽማግሌ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የእሱም ልጆች፣ ወልደየስ በዚያ ክፉ ዓመት እንደቀበራቸው ልጆች፣ ይቀበራሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ለሕዝባችሁ ክብር ስትሉ ዝም ትላላችሁ? ብዙዎች ለሕዝባቸው ክብር ብለው ነው የጠፉት።

ወልደየስ ምርኩዙን መሬት መታ።

«ኦቦ ቃሲም፣ ይቁሙ» አለ። ወደ ሕዝቡም ዞረ። «ስንዴውን ያመጣው መልአክ አይደለም። ይህ ሰው ነው። ከዳር ሰው ለመንሁ። የቀረው ሁለት ቁና ነበር፤ አንዱን ሰጠኝ። የጠየቀኝ ስሙን እንድናገር ብቻ ነበር። አልተናገርሁም። አርባ ዓመት በሰው ስንዴ ቀደስን።»

ቄሱ በደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከጎልማሶቹ አንዱ፣ ታዲያ ታሪካችን ምን ሊሆን ነው አለ። ለማን እንዳለው አይታወቅም። 

ያን ጊዜ እማማ ብርቄ ተነሡ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን እልል ያሉት ናቸው፤ አሁን አርጅተዋል። ሁለት ሰው ደግፏቸው ወደ ፊት መጡ። ቃሲምን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እኔ ያን ቀን እልል ያልሁት ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው» አሉ። «መልአክ ቢያመጣው ምን ይደንቃል? መልአክ አይርበው። ልጅ የለው፤ ሚስት አትቆጣው። ይህ ግን ከልጆቹ አፍ ነጥሎ ነው የሰጠን። ገብርኤል የላከው ሰው ቆሞ ሳለ እናንተ ስለ ክንፍ ታወራላችሁ። መቀመጫ አምጡለት።»

ይህን ብለው እንደገና እልል አሉ። በሰማንያ ዓመታቸው። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከዲያቆናቱ አንዱ ሮጦ ደወሉን ደወለ። የሕዝቡ አንገት ተሰበረ? ማን ሰበረው! የዚያን ቀን እንደነበረው ቀና ብሎ አያውቅም። የተረት ወራሽ ነበር፤ የምሕረት ወራሽ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ አሥራ አንድ ታንኳ ቀይ ስንዴ ጭኖ ወደ ዳር ተሻገረ። ለዘር ተካፈሉት። በሁለተኛው ዓመት ከደሴቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው የሐይቁ ዳር ሁሉ ቀይ ነበር። ዋግ ወረደ፤ አልደፈረውም። ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ወደዚያ ደሴት ብትሄዱ የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ ትሰማላችሁ። የሚጀምረው ቃሲም የሚባል አንድ ሰው ነበረ ብሎ ነው። ከዳር ሰው አይለመንም የሚለውን ሕግ የሚያስታውስ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ።

እናንተ ቤተ ክርስቲያናችሁን ታውቃላችሁ። መቼ እንደተሠራች፣ ማን እንደባረካት ታውቃላችሁ። ደጇ እንዳይዘጋ ቁናውን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን ታውቃላችሁ? ሃይማኖታችሁ ያልሆነ ጎረቤት ይሆናል። የሰደባችሁና የሰደባችሁት ሰው ይሆናል። እግዚአብሔር ሰጠኝ ትላላችሁ፤ እውነት ነው። በማን እጅ? የእጁን ስም ለምን ዋጣችሁት?

አንተ ልጆችህን ያስተማረልህን ወንድምህን በሰው ፊት ጠርተኸው ታውቃለህ? አንቺ በታመምሽ ጊዜ ያስታመመችሽን ጎረቤት ስሟን ለልጆችሽ ነግረሻል? መባ ይዘህ ከመሠዊያው ፊት ስትቆም ያዘነብህን ሰው ብታስብ ምን አድርግ እንደተባልህ ታውቃለህ። እኔ አልደግመውም። መባህ የራስህ መሆኑንስ መርምረሃል?

ገና ነው አትበሉ። ወልደየስ አርባ ዓመት ቆየ፤ ያበደረው ሰው በሕይወት ስለቆየለት ዳነ። የእናንተ ቃሲም እስከ ነገ ይቆይ እንደሆነ ማን ነገራችሁ?

ወደ ቁናው ልመልሳችሁና ልጨርስ።

በዚያ ቀን፣ ደወሉ ገና ሳያቆም፣ ወልደየስ ቤቱ ሄዶ ቁናውን ከምሰሶው አወረደ። ቄሱ ራሳቸው የመገበሪያውን ማሰሮ ይዘው መጡ። በሕዝቡ ፊት፣ ቃሲም በተቀመጠበት እግር ሥር፣ ቀዩን ስንዴ አፈሰሱበት። ቁናው ሞላ። ሕዝቡ ጨምሩ አለ። ከአፉ በላይ ተቆለለ፤ ተራራ ሠራ፤ ጨምሩ ይላሉ።

ቃሲም እጁን አነሣ። በመዳፉ ጠርዝ ቁልሉን ከአፉ ላይ ጠረገው። ትርፉ በመሬት ላይ ፈሰሰ።

«ወለድ ክልክል ነው ብዬህ ነበር» አለ። «ይህ የፈሰሰው የእናንተ ነው። ለቅዳሴያችሁ አድርጉት።»

ወልደየስ ተንበርክኮ የፈሰሰውን ፍሬ በፍሬ ለቀመ። ለዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ የራሷ የሆነ የመጀመሪያው ስንዴ እሱ ነበር።

ቃሲም ቁናውን ወደ ደረቱ ሳበ። አፉን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ልክ ነው። ከዚያ ወደ ወልደየስ ጎንበስ አለ።

«ስሜን ተናገርህ፤ ቁናውም ሞላ» አለው። «ተነሥ፤ ተከፍያለሁ።»